የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ያነቡታል

“ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…” ከወጣት ጸሐፊዎች የሚደርሱኝ የሕይወት ታሪክ ረቂቆች አብዛኞቹ እንዲህ ይጀምራሉ። ይህ የቀብር ወረቀት አጻጻፍ ነው። አልንቀውም፤ እኔም እጄን ያፍታታሁት በእሱ ነው። ደሴ ላይ የታሪክ መምህርት ሳለሁ ጎረቤት ሰው ሲሞትበት በሬ በሌሊት ይንኳኳና “እታለም፣ ነገ የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፊልን” እባል ነበር። ድንኳን እየተተከለ፣ ለቅሶው ገና ትኩስ ሆኖ፣ ከልጆቹ አንዱን ጥግ ይዤ እጠይቅና እጽፋለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ አስታራቂ ነው። የሚቃወም የለም፤ ሰዓቱም የመቃወሚያ ሰዓት አይደለም። መጽሐፍ ግን ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ገበያ የሚውል ነገር ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚቃወም ሞልቷል።

ከማስተማሩ ጎን፣ ኋላም ማስተማሩን ትቼ፣ የሰዎችን ሕይወትና ለሰፊው አንባቢ የሚሆን የአገር ታሪክ በመጻፍ ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ሥራውን ለጀመሩ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ርቀው ለሚሠሩ ነው።

ወሎ ላይ ተቀምጦ የአገር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ባለታሪኮቹ ሩቅ አይደሉም። የሰገሌን ጦርነት ውሰዱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ “የሸዋ ጦር የወሎን ጦር ድል አደረገ” ተብሎ በሁለት መስመር ያልቃል። ዝምድናውን ስታዩት ግን ሁለቱ ወገኖች ይደበላለቃሉ። ከሸዋ በኩል አልጋ ወራሽ የተባሉት ራስ ተፈሪ በ1903 ዓ.ም. ያገቧቸው ወይዘሮ መነን አስፋው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው፣ ደሴ ውስጥ በስማቸው ትምህርት ቤት የሚጠራላቸው። ከሰገሌ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት ራስ ልዑል ሰገድ ደግሞ የወይዘሮ መነን የቀድሞ ባል ነበሩ። ከዙፋን መውረዳቸው የጠቡ መነሻ የሆነው ልጅ ኢያሱ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። ይህ በቤተ መንግሥት ያለው ነው። በሠፈርም ያው ነው፤ የማረከውም የተማረከውም ዘር ደሴ ላይ በአንድ የእድር ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጦ ንፍሮ ይቆነጥራል።

ስለዚህ መለኪያዬ አንድ ነው። የሁለቱም ወገን የልጅ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ቤቴ ቢመጣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር “ይኸው፣ ከዚህ አገኘሁት” ብዬ የማሳየው ነገር አለኝ ወይ? ሁለቱንም ማስደሰት አይደለም ነገሩ። ሁለቱንም ለማስደሰት የተጻፈ ታሪክ አይቻለሁ፤ ማንንም አያስደስትም። የምለው፣ የተከፋው ሰው እንኳ ተከፍቶ ሲሄድ “ግን አልዋሸችም” ማለት አለበት ነው።

ይህ ከስም ይጀምራል። በእኛ አገር አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ይዞ አይሞትም፤ ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ብዙ የወሎ ባላባት ክርስትና ተነሣ። መሐመድ አሊ አፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፤ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ሆኑ። በዚህ ላይ የፈረስ ስም ይጨመራል፤ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ኢያሱ አባ ጤና፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ከዚያ ማዕረጉ አለ። ስለ አንድ የወሎ ሹም የሚናገሩ አምስት ወረቀቶች ስለ አምስት ሰዎች የተጻፉ ሊመስሉ ይችላሉ። የተራው ሰው ቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ አያት ሙሐመድ፣ አባት ተሰማ፣ ልጅ አሕመድ የሆነበት ቤት ወሎ ላይ የሚያስገርም አይደለም፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትም አለ። ሌላ አካባቢ ያደገ ጸሐፊ የዘር ሐረጉን ሲያይ “እዚህ ጋ ተሳስታችኋል” ሊል ይችላል። አልተሳሳቱም።

እኔ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አለኝ፤ በኮምፒውተር መሥራትም ይቻላል፣ እኔ ግን ካርቶን እወዳለሁ። በላዩ የልጅነት ስም፣ የክርስትና ወይም ሲሰልም የተሰጠ ስም፣ የፈረስ ስም፣ ከዚያ እያንዳንዱ ማዕረግ ከነተሾመበት ዓመቱ ይጻፋል። ማዕረጉ ብዙ ጊዜ ወረቀትን ይመረምርልናል። ሚካኤል “ንጉሥ” የተባሉት በ1906 ዓ.ም. ነው። በ1890ዎቹ የተጻፈ ነው የተባለ ደብዳቤ “ንጉሥ ሚካኤል” ብሎ ከጠራቸው፣ ወይ ቀኑ ተሳስቷል፣ ወይ ወረቀቱ ኋላ የተገለበጠ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሎ ለእንግዳ የሚታይ “ዋና ቅጂ” ፊት ቆሞ ዝም ብሎ ፈገግ ማለት ይችላል። ባለቤቱን በእንግዶቹ ፊት ማሳፈር አያስፈልግም፤ መጽሐፉ ላይ ግን “በኋላ ዘመን የተገለበጠ” ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቀን ከስም የባሰ ነው። የአውሮፓ ምንጭ የሚያነብ ሁሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ያውቃል፤ ቀኑ ላይ ግን ይንሸራተታል። ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚመጣው ነው። ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ያለው ዓመት መስከረም 1 ቀን አንድ ቀን ዘግይቶ ይብትና እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታል። የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት በፈረንጅ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው። በተለመደው ሠንጠረዥ ኅዳር 27 ይወጣል፤ 1928 ግን የሉቃስ ተከታይ፣ ዘመነ ዮሐንስ ነውና ትክክለኛው ኅዳር 26 ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ከፈረንጆቹ 1900 በፊት ያለው ጊዜ ነው። ያ ዓመት በእነሱ አቆጣጠር የካቲታቸው 29 ሳይሆን ስላለፈ ከዚያ ወዲያ ያለውና ወዲህ ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ይራራቃል። የውጫሌ ውል የተፈረመው በሜይ 2 ቀን 1889 ነው፤ የዛሬውን ልዩነት በጭፍን የተከተለ ሚያዝያ 24 ይላል፣ ትክክለኛው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ምን ያመጣል የሚል አይጠፋም። ውጫሌ ደርሳችሁ በዓሉን ከሚያከብር ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ ያኔ ታዩታላችሁ።

ዘመኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ይህች ስሌት ለጸሐፊ እጅግ ትጠቅማለች፤ የገጠር ሽማግሌ ዓመቱን ረስቶ “ዘመነ ማርቆስ ነበር” የሚለውን አይረሳም። ዕለቱንም በወር በዓል ያስታውሳል፤ በሚካኤል ከሆነ 12፣ በጊዮርጊስ 23፣ በመድኃኔዓለም 27። ሁለቱን ስታጋጥሙ ከአራት ዓመት አንዱ ላይ፣ ከወሩም አንዱ ቀን ላይ ትደርሳላችሁ።

የሙስሊሙ ቤት ደግሞ ሒጅራ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፤ ስለ አንድ የወሎ ነጋዴ ቤተሰብ ስጽፍ ነው። አያታቸው ሰገሌ ዘምተው የቀሩ ሁለት የአጎት ልጆች አሉ፤ ሁለቱም ቤት በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ፣ የተጻፈ ማስታወሻ አለ። የአንደኛው ቤት ደብተር ቆዳው ጥግ ጥጉን በአይጥ ተበልቷል፤ የቤቱ ባለቤት ሸኽ በአጉሊ መነጽር ሳይሆን በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ታች ፊደሉን አጉልተው ያነቡልኝ ነበር። እዚያ ያለው ዓመት 1334 ነው። የሌላኛው ቤት 1335 ይላል። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ሲከራከሩ ነው የኖሩት፤ አንዱ ሌላውን “እናንተ የሌላ ሰው ሞት ነው የጻፋችሁት” እስከማለት ደርሷል። ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ጥቅምት 17 ቀን 1909 የ1334 ሒጅራ ማብቂያ ላይ ያርፋል፤ በማግስቱ 1335 ይገባል። ጨረቃ ማየቱ ደግሞ አንድ ቀን ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ወሬው ደሴ ሲደርስ አዲሱ ዓመት ገብቷል። አንዱ የሞቱበትን ጻፈ፣ አንዱ መርዶ የመጣበትን። ሄጄ ስነግራቸው ሸኹ ብርጭቆውን አስቀምጠው ሳቁ፤ “አብሽሩ፣ ሁለታችንም አልዋሸንም” አሉ። ያን የቤተሰብ ክርክር መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ አስገብቼዋለሁ። አንባቢ ከሁሉ ምዕራፍ አብልጦ የሚያነሣልኝ እሱን ነው።

ሰው ስትጠይቁ ግን ቀንን በቀጥታ አትጠይቁ። “መቼ ተወለዱ?” ለሚለው የሚመጣው መልስ መታወቂያ ላይ የተጻፈው ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ደግሞ የቀበሌ ጸሐፊው ግምት ነው። ከታወቀ ነገር ጋር አስሩት። የኅዳር በሽታ የ1911 ነው። የደሴ ድብደባ ከላይ ያልኳችሁ። ከዚያ የ66ቱ ድርቅ፣ ከዚያ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ከዚያ የ77ቱ ድርቅ። አንዲት እናት ዕድሜያቸውን “እኔ ምን አውቄ” ብለው ሲያበቁ፣ አውሮፕላን ደሴን በደበደበበት ቀን ወደ ገደል ሲሸሹ የተነቀለ የፊት ጥርሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይዘው እንደነበር ነገሩኝ፤ ጣራ ላይ ጥለው ገና ቁራን ሳይለምኑ። ጥርስ የሚነቀለው በስድስትና በሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ የተወለዱት በ1921 ግድም ነው። ከቀበሌው ወረቀት ጋር የስምንት ዓመት ልዩነት አለው፤ እኔ ጥርሱን አምናለሁ።

የጤፍ ዋጋ ጠይቁ። ያኔ ማን የጎረቤት ባሪያ፣ ማን ገባር እንደነበር ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን ብቻቸውን ሲሆኑ ይሁን። ሴቶችን ጠይቁ። ወንዶቹ ዘመቻውን ይነግሯችኋል፣ ሴቶቹ ስንቁን ማን እንዳዘጋጀ፣ ከዘመቻው በኋላ ቤቱ በምን እንደኖረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ይነግሯችኋል። ቡናው አቦል ላይ ሳለ የሚወራው ለእንግዳ የሚባለው ነው፤ በረካ ላይ የሚወራው ሌላ ነው። ወዳጃ ላይ፣ ማለትም በቡናና በዱዓ ስብሰባ ላይ፣ የተቀመጡ ዱበርቲዎች፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ የአንድ ቀበሌን የመቶ ዓመት የጋብቻ ታሪክ በቃላቸው ይዘውታል። ዳሩ ግን ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ዱዓ መሐል ነውር ነው፤ ሲያልቅ አስፈቅዳችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የቀረጻችሁትንም በዚያው ሌሊት ገልብጡ። ሲውል ሲያድር ማን እንደተናገረው ይምታታል።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ነው። የሕይወት ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የባለታሪኩ ቤተሰብ ነው። ገንዘቡን አልጠላም፤ የአገር ታሪክ መጽሐፎቼን ወጪ የሸፈነው እሱ ነው። ቤተሰቡ ግን የሚያስበው ስለ ሐውልት ነው። “ሙት ወቃሽ አያድርገን” ሲባል ከሰማችሁ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛ ሚስት፣ የተከሰሱበት መሬት፣ በጣልያን ጊዜ የተቀበሉት ደመወዝ። በተለይ ይህ የመጨረሻው። አምስቱ ዓመት ውስጥ ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ አርበኛ ሊሆን አይችልም፤ መጽሐፎቻችን ላይ ግን ሁሉም አርበኛ ነው፣ ቢያንስ የውስጥ አርበኛ። አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን የጣልያን ዘመን ምዕራፍ አውጪልን ብሎኝ ነበር። ውላችን ላይ ቤተሰቡ ስሕተትን በማስረጃ ማረም ይችላል፣ እውነት የሆነን ነገር ማስወጣት ግን አይችልም የሚል አንቀጽ ነበር። አነበብኩላቸው። ለጊዜው ተኳረፍን። በኋላ ትልቁ ልጅ አባቱ ጣልያን ቤት እየሠራ ለሌሊት ሰዎች፣ ለአርበኞቹ፣ መድኃኒት ያሾልክ እንደነበር የሚያሳይ የሰው ምስክር ይዞ መጣ፤ ምስክሩን ሄጄ አነጋገርኩትና ሁለቱንም ጻፍኩ። ደመወዙንም፣ መድኃኒቱንም።

ስለዚህ ውል ከመጀመሪያው ወረቀት በፊት። ክፍያውን በሦስት ከፋፍሉት፤ ሲፈረም፣ ረቂቁ ሲሰጥ፣ ማተሚያ ቤት ሲገባ። የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትእዛዝ የተሠራን ሥራ የተለየ ስምምነት ከሌለ ለአሠሪው ያደርገዋል፤ ብዙ ጸሐፊ ይህን የሚሰማው መጽሐፉ ያለ እሱ ፈቃድ ሁለተኛ ጊዜ ከታተመ በኋላ ነው። ደብዳቤና ፎቶግራፍም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማውጣትን ይከለክላል፤ ለታወቀ ሰውና ሕዝባዊ ለሆነ ጉዳይ ግን ቦታ ይተዋል። ምስጢራዊ ደብዳቤን ደግሞ የደረሰው ሰው ብቻውን ይፋ ማድረግ አይችልም፤ የጻፈው ሰው ፈቃድ ይፈለጋል። ሳጥን ከፍተው “ያው ሁሉም ያንቺ ነው” ሲሏችሁ ደስ ይላል። ደስታውን ተዉትና የፈቃድ ወረቀት አስፈርሙ።

አዲስ አበባ መሄድ አይቀርም። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሳይታዩ የሚጻፍ የአገር ታሪክ ወገቡ አይጠናም። የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ደብዳቤ የሚከፈት በር የለም። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ለማየት ከሀገረ ስብከት ይጀመራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ ኅዳጉና ባዶ ገጾቹ ላይ ለታሪክ ጸሐፊ የሚሆን ማስታወሻ አለበት። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ እኔም የገዳሙን ግንብ ከሐይቁ ዳር እያየሁ ነው የተመለስኩ። ያየሁት በማይክሮፊልም ቅጂው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ያ የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ቀድቷል፤ ሴት ለሆናችሁም፣ ለመንገድ ገንዘብ ላጠራችሁም መፍትሔው እሱ ነው።

ቅጂ ማስቀረት ከተነሣ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በየሰው ቤት የነበረው ወረቀትና ፎቶግራፍ ምን ያህል እንደጠፋ የሚቆጥርለትም የለም። እኔ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ፊቱንም ጀርባውንም አነሣለሁ፤ ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የበለጠ ነገር አለ፣ የአንሺው ፎቶ ቤት ማኅተም፣ የብድር ሒሳብ፣ የሞተ ሕፃን ስም። አንዱ ቅጂ ደሴ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት፣ አንዱ ለባለቤቱ። ለባለቤቱ ጥሩ ህትመት ስትሰጡ ሁለተኛ ሳጥን ይከፍትላችኋል።

አጻጻፉን በሚመለከት አጭር ልበል። አሳታሚ የሚፈልገው ቴዎድሮስን፣ ምኒልክንና ኃይለ ሥላሴን ነው፤ አንባቢ የሚገዛው እሱን ነውና አልፈርድበትም። እኔ ትልቁን ስም ይዤ በትንሹ ቦታ በኩል እገባለሁ። ስለ ዓድዋ ስጽፍ ቤተ መንግሥቱን ለሌላ ትቼ ወረኢሉ ላይ ቆየሁ። የ1888ቱ ክተት የሸዋን ሰው የሰበሰበው እዚያ ነው። ያ ሁሉ ሰውና በቅሎ ሲሰፍር ውኃው ከየት ተቀዳ? ሣሩን ማን ከፈለ? የባላገሩ የመስከረም እሸት ምን ሆነ? መቅደላንም እንዲሁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተራራው ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ ከተራራው በታች ያለው ገበሬ እንዴት እንዳረሰ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። አንባቢ የሚያውቀው ድልና ሞት ሲጠብቀው የማያውቀውን ነገር አብሮ ይወስዳል።

ማስረጃውን ደግሞ ከትረካው አትለዩት። በየገጹ ግርጌ ቁጥር መደርደር ለዩኒቨርሲቲ ይሁን። “የሸኹ ደብተር እንዲህ ይላል፣ የአጎታቸው ልጅ ግን እንዲያ” ብላችሁ ስትጽፉ ባለማስረጃው ራሱ ባለታሪክ ይሆናል። ማን እንዳለው የማይታወቅ ወሬ ካጋጠማችሁ ወይ ባለቤቱን ፈልጉ ወይ ጣሉት፤ በተለይ ጥሩ ሆኖ ከተሰማችሁ። ታዋቂ ሰው ሲሞት ተናገረው የሚባል ያማረ ንግግር ብዙውን ጊዜ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። የሸህ ሁሴን ጅብሪልን ትንቢታዊ ግጥሞች ያስተዋለ ይህን ያውቀዋል፤ ነገር በተከሰተ ቁጥር “ድሮ ብለውት ነበር” የሚባል አዲስ ስንኝ ብቅ ይላል። ግጥሙን አከብራለሁ፣ ስንኙን ለምን ሰው እንደፈለገው እጽፋለሁ፣ በማስረጃነት ግን አልጠራውም።

ስለ ድርቁ የሚጽፍ ካለ አንድ ነገር ብቻ። የ66ቱንም ሆነ የ77ቱን ያለፉ ሰዎች አንዳንዴ እየነገሯችሁ ያቆማሉ። አትግፉ። ሻዩን ጠጡ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቁ፣ ሂዱ። የሚነግሯችሁ ከሆነ ራሳቸው ይጠሯችኋል። ካልጠሯችሁ የሌላ ሰው ምስክርነት ፈልጉ። ስማቸውንም ሳትጠይቁ አትጻፉ፤ ምጽዋት የተሰለፈ አባት መጽሐፍ ላይ መታየቱን የማይፈልግ ልጅ አለው።

ገንዘቡን አልደብቃችሁም፤ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር የታሪክ ጸሐፊ እኔ አላውቅም። ማስተማሩን ቶሎ አትተዉ። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ የማተሚያ ዋጋ ከረቂቅ እስከ ህትመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል፤ የዋጋ ማቅረቢያው እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ተቀበሉ። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውንና ከዚያም በላይ ይወስዳል፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ደግሞ ሲመቸው ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል በእጃችሁ ይቅር። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካርቶኑ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሲመጣ ክረምት ከሆነ በላስቲክ ይጠቅለል። ምረቃ አዳራሹን ለመሙላት ሳይሆን ለመሸጥ ይሁን፤ በየወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶችና የባለታሪኩ አገር ልጆች ማኅበራት ከአዳራሽ ጭብጨባ ይሻላሉ። አይኤስቢኤን ከወመዘክር ይወሰዳል፤ ከታተመ በኋላም ቅጂ ማስገባት ግዴታ ነው። በቴሌግራም በፒዲኤፍ መሰራጨቱ አይቀርም። ተናድጄበታለሁ፤ አሁን ግን ቀጣዩን ዕትም ሁልጊዜ በአዲስ ሰነድ አሰናዳለሁ፣ የተሰረቀው አሮጌው እንዲሆን።

አዲሱ ሰነድ የሚመጣው ደግሞ ከአንባቢ ነው። መጽሐፍ በወጣ በወሩ በር የሚንኳኳው “አያቴን አሳንሰሻቸዋል” በሚል ሰው ነው። አስገቡት። ቡና ይፈላ። ወረቀት ይዞ ከሆነ ፊትና ጀርባውን አንሡ፣ ከማን እንደወረሰው ጠይቁና ከነቀኑ ጻፉ፤ ቃል ብቻ ይዞ ከሆነም ቃሉን ቅረጹ። “በሚቀጥለው ዕትም ይገባል” ከማለታችሁ በፊት ግን የሌላኛው ወገን የልጅ ልጅ ምን እንደሚል ሄዳችሁ ስሙ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት መንደር ነው ያለው፣ በባጃጅ ይደረሳል።